የግማሽ ዙር ኩርፊያ

ሰኞ ጠዋት የመኪናዋን ኮፈን ከፍቼ ሳይ የቱርቦዋ ዘንግ እኔ የተውኩት ቦታ ላይ ነበር። ከሚያስረው ዳዶ አልፎ የሚታየውን የዘንጉን ጥርስ በጥፍሬ እየነካሁ ቆጠርኩ። መነጽሬን በሸሚዜ ጫፍ ወልውዬ ደግሜ ቆጠርኩ። ወንድሜ አልነካውም።

«ተሸነፈ» አልኩ ለራሴ። ለራሴ ያልኩት ሌላ የምነግረው ሰው ስላልነበረኝ ነው።

ነገሩ ለማያውቀው የእብድ ሥራ ይመስላል፤ ስለዚህ ከመነሻው ላውጋችሁ። አባታችን ሲሞት ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ የተወልን ነገር ቢኖር አንዲት አሮጌ የናፍጣ መኪና ናት። «ለሁለታችሁ» አለ፤ እንዴት እንደምንካፈላት ግን ሳይነግረን ሄደ። መኪና እንደ ዳቦ አይቆረስ። አንድ ሳምንት እኔ፣ አንድ ሳምንት እሱ ልንይዛት ተስማማን። ባለሳምንቱ እሁድ ማምሻውን ጎሚስታው ደጃፍ ያቆማታል፣ ቁልፉንም እዚያው ይሰጣል፤ ተረኛው ሰኞ ጠዋት መጥቶ ይወስዳታል። ጎሚስታው እኩያችን ነው፤ አብሮን ያደገ፣ ጎማ ሲጠግን ወሬ የሚነፋ፣ ወሬ ሲያጣ ደግሞ ጎማ የሚነፋ ሰው።

እናታችን እኔን «ቀስ በቀስ»፣ እሱን «ቶሎ ቶሎ» ትለን ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ። ሁለቱም ተረት ለኛ የተተረተ ይመስላት ነበር። ወንድሜ እኔን በጎን እያየ «እማዬ፣ ያንቺ እንቁላል እኮ እስካሁን አልተነሳም» ይላት ነበር፤ እሷም እስክታነባ ትስቃለች።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት የውሃ ፓምፕ ጣቢያ ውስጥ ነው። ግፊት አውቃለሁ። ቧንቧው ሳይችል ግፊት የሚጨምር ሰው መጨረሻው ረግረግ ውስጥ መቆም እንደሆነ ስንቴ በዓይኔ አይቻለሁ። እሱ ደግሞ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ዳገት ሲያይ ምራቁን የሚውጥ ሰው። ታዲያ በአንዲት መኪና ሁለት ሐሳብ ሆንን።

ቱርቦ ማለት የሞተሩ ጭስ እየገፋ የሚያሽከረክረው፣ እሱም በተራው አየር ወደ ሞተሩ ጠቅጥቆ የሚያስገባ ነገር ነው። ከልክ በላይ እንዳይሽከረከር ትርፉን ጭስ በጎን የሚያሳልፍ ትንሽ በር አለው። በሩን የሚከፍተው እርሳስ የምታህል ቀጭን ዘንግ ናት። ዘንጓን ብታሳጥራት በሩ ይዘገያል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ መኪናዋ ዳገቱን ትበላዋለች። ብታስረዝማት በሩ ቶሎ ይከፈታል፣ ሞተሩም ሳይጨነቅ ይኖራል። ፒኑን መንቀል፣ ዳዶውን ማላላት፣ ጫፉን ግማሽ ዙር ማዞር ነው፤ ሻይ ሳይቀዘቅዝ የሚያልቅ ሥራ። በሱ ሳምንት እሱ ያሳጥራታል። በኔ ሳምንት እኔ መልሼ አስረዝማታለሁ።

መጀመሪያ ላይ ቀልድ ነበር። ቀልዱ ያለቀው እናታችንን የቀበርን ዕለት ነው። ከቀብር ስንመለስ አክስቶቻችንን ጭኜ ወደ ወንድሜ ቤት ልወጣ ስል፣ በኔ ልክ የተስተካከለችው መኪና ዳገቱ ወገብ ላይ ደከመች። አሮጊቶቹ ወርደው በጥቁር ልብሳቸው እያለከለኩ በእግራቸው ወጡ። ወንድሜ በሰው ሁሉ ፊት «ጋሼ፣ መኪናዋን አንቀህ እንደራስህ አደረግካት፤ ሳትኖር ያረጀች» አለኝ። እኔ ሚስት አላገባሁም፣ ልጅ አልወለድኩም፤ ምን ማለቱ እንደሆነ ያልገባው ሰው እዚያ አልነበረም። እኔም «ያንተ እጅ የነካው ደግሞ ነዶ ያልቃል፤ ትዳርህም አልተረፈ» አልኩት። ሚስቱ ትታው ከሄደች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆነን ቀረን። ለጎሚስታውም «ስለሱ አንዲት ቃል እንዳታነሳብኝ» አልኩት። እሱም ይህንኑ ብሎት ኖሯል።

ዘንጓ ግን አላኮረፈችም። እሱ እያሳጠረ ያጠብቃል፣ እኔ እያስረዘምኩ አላላለሁ፤ እሱ ይላል፣ እኔ እመልሳለሁ። ቆየት ሲል ነገሩ ጠባዩን ቀየረ። አንድ ክረምት ጉንፋን ጥሎኝ ከረመና፣ ከማን እንደሰማ እንጃ፣ የዚያን ሳምንት ሩብ ዙር ብቻ ጨምሮ ላከልኝ። «ይማርህ» ማለቱ ነው ብዬ ተቀበልኩት። ልጁን ሲድር አልተጠራሁም፣ ብጠራም አልሄድም ነበር፤ ግን የዚያን ሳምንት ዘንጓን ሳልነካ በሱ ልክ ነድቼ መለስኩለት። እንኳን ደስ ያለህ ማለቴ ነበር። ገብቶት እንደሆነ አላውቅም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤቴ ውስጥ የሚያወራው ራዲዮ ብቻ ነው፤ ራዲዮ ደግሞ ብትሰድበውም አይመልስም። በዓለም ላይ ለኔ መልስ የሚሰጥ ነገር ያቺ ዘንግ ብቻ ነበረች።

ለዚህ ነው ያን ሰኞ ሳትነካ ሳገኛት ልቤ ቅቤ የጠጣው። መኪናዋ አቧራ ለብሳ ነበር፤ «ሰነፍ፣ ማጠብም ትቷል» አልኩና ጠረግኳት። ስነዳ ዋልኩ። የማልገዛውን ዋጋ ስጠይቅ፣ ጉዳይ የሌለኝ ሰፈር ስዞር፣ እንደ ሙሽራ ደረቴን ነፍቼ አመሸሁ።

በማግስቱ ስልኬ ጮኸ። መስታወቱ ላይ «ቶሎ ቶሎ» ይላል። ስሙን ሳልሰርዘው ኖሬያለሁ። እጄ ወደ ስልኩ ሄደና ተመለሰ። ይደውል፣ ትንሽ ይልፋ፤ እኔ ስንት ዓመት ለፍቻለሁ አልኩ። ጮሆ ጮሆ ዝም አለ። ከሰዓት ደግሞ ጮኸ። በሌላም ቀን ጮኸ። ትራስ ሥር ከተትኩት። ከዚያ በኋላ አልጮኸም።

ሐሙስ ሲደርስ ድሉ ጣዕሙ ጠፋ። ኮፈኑን ከፍቼ ዘንጓን አያታለሁ፤ የማስተካክለው ነገር የለም። ሥራ የፈታ መፍቻ ይዤ መቆም ደበረኝ። እውነቱን ልናገር፣ ናፈቀኝ። እሁድ መኪናዋን ከመመለሴ በፊት ነገር ፈለግሁና ከራሴም ልክ አሳልፌ ተጨማሪ ግማሽ ዙር አላላኋት። ይህን እንኳ ዝም ብሎ አያልፍም፤ ተናዶ ሙሉ ዙር ያጠብቃታል፣ እኔም አላላታለሁ፣ ወደ ኑሯችን እንመለሳለን ብዬ ነው።

በሱ ሳምንት በጎሚስታው መንገድ አላልፍም፤ ድንገት እንዳንገጣጠም ነው። ሳምንቱ እስኪያልቅ ቤቴ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ሰኞ ማልጄ ሄድኩና ሰላምታም ሳላስቀድም ኮፈኑን ከፈትኩ። ዘንጓ ሳትነካ ቆማለች።

ቆሽቴ አረረ። ናቀኝ ማለት ነው፤ ሰው ጠላቱን እንኳ በግማሽ ዙር ያከብራል። በሩን ከፍቼ ገባሁና እንደልማዴ እጄን ወንበሩ ሥር ሰድጄ ወደፊት ልስበው ስል ወንበሩ አልተንቀሳቀሰም። ወንድሜ ቅልጥሙ ረጅም ነው። በሱ ሳምንት ወንበሩን እስከ መጨረሻው ይገፋዋል፤ እኔ ሰኞ ሰኞ እየተራገምኩ እስበዋለሁ። አሁን ወንበሩ በኔ ልክ ነው። ባለፈው ተራዬም ሰኞ በኔ ልክ ነበር፤ ደስታዬ ጋርዶኝ አላየሁትም። አቧራው ትዝ አለኝ። ወረድኩ።

ጎሚስታው ጎማ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ ይፈልጋል።

«ባለፈው ሳምንት ማን ወሰዳት?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና ወደ ውሃው ተመለሰ። «ማንም።»

«ከዚያ በፊት የነበረው የሱ ሳምንትስ?»

«ያኔም ማንም። እዚሁ ነው የቆመችው። ቁልፉ ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የከረመው።»

«እና ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅከኝማ። ስለሱ አንዲት ቃል እንዳታነሳብኝ ያልከኝ አንተ አይደለህ? እሱም እንደዛው። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ።» እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ዝሆኖች ሲጣሉ የሚረገጠው ሳሩ ነው። እኔ ሳሩ መሆን ሰለቸኝ።»

«ምን ሆኖ ነው የማይመጣው?»

«ታሟል ሲሉ ሰምቻለሁ። ምን እንደነካው አላውቅም፤ እኔንም ማንም አልነገረኝ። ሂድና እየው፤ ወንድምህ ነው።»

ተመልሼ ገባሁና መኪናዋን አስነሳሁ።

የወንድሜ ቤት ያለው ከተማው ቁልቁል የሚታይበት አቀበት ላይ ነው። ሜዳው ላይ ደህና መጣሁ። ዳገቱ ሲጀምር ማርሽ ቀነስኩ፤ ደግሜ ቀነስኩ፤ መኪናዋ ግን ጥቁር ጭስ እየተፋች መንፏቀቅ ጀመረች። ያ ነገር ፍለጋ ያላላሁት ግማሽ ዙር ነበር። ከኋላዬ ጡሩምባ ይነፋል። አንድ ጋሪ የሚገፋ ሰው አልፎኝ ሄደ፤ ሲያልፈኝም አዘነልኝ። እናታችንን የቀበርን ዕለት አክስቶቻችን የወረዱበት ቦታ ስደርስ ሞተሩ ተንቀጥቅጦ ጠፋ። የእጅ ፍሬን ሳብኩና መሪው ላይ ተደፋሁ። ወንድሜ እላይ ታሟል፣ እኔ ደግሞ በራሴ እጅ መንገዱን ዘግቻለሁ።

ወርጄ ድንጋይ ከጎማው ሥር አስገባሁና ኮፈኑን ከፈትኩ። ቱርቦው እንደ ምድጃ ግሏል፤ እስኪበርድ መጠበቅ ነበረብኝ፣ ግን አልቻልኩም። እጄን በጨርቅ ጠቅልዬ ፒኑን ነቀልኩ። ሁለት ጣቴ ተላጠ። ዘንጓን ወደ እኔ ልክ መለስኳት፤ ከዚያ ቀጠልኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደሱ ልክ አጠበቅኳት። እሱ የት እንደሚያቆም ጥርስ በጥርስ አውቀዋለሁ። እዚያ አቆምኩ።

መኪናዋ ዳገቱን እያፏጨች ወጣች። ጭሱ ጠራ። እንዲህ እንደምትወጣ አላውቅም ነበር፤ እሱ ስንት ዓመት ሲነግረኝ የኖረው ይህንን ነው። አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነው፤ «ልክ ነበርክ» ብዬ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። የሚሰማኝ አልነበረም።

በሩን የከፈተችልኝ ልጁ ናት። ሩቅ አገር ነው ያገባችው፤ ፊቷ ላይ የእናታችንን ግንባር አየሁ። ሰላም ስትለኝ አልተጠጋችኝም።

«ደወልኩልዎ አጎቴ። በሱ ስልክ ነው የደወልኩት፤ ሌላ ቁጥር አላውቅም። ደጋግሜ ደወልኩ፤ አያነሱም።»

«አንቺ ነሽ የደወልሽው?» አልኩ።

«የደረስኩት ከወደቀ ከሳምንት በኋላ ነው፤ እዚያው ሐኪም ቤት ሆኜ ነው መደወል የጀመርኩት። ቀኝ ጎኑ አይታዘዝም፤ መናገርም አቅቶታል። ሐኪሙ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ናቸው፣ የሚቀርበው ሰው ቢኖር ጥሩ ነው አለኝ። ከእርስዎ ሌላ የሚቀርበው ሰው አጣሁለት።»

ትራስ ሥር የጮኸው ስልክ አሁን ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ።

ወንድሜ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ያ ግንድ የሚያህል ሰው ግማሹ የተዋሰው ሰውነት ይመስላል። አፉ ወደ አንድ ጎን ሄዷል። ሲያየኝ ከጉሮሮው ድምፅ ወጣ፤ ቃል ግን አይደለም። ዓመታት ሙሉ ልነግረው በልቤ ያዘጋጀሁት ስድብ፣ መልስ፣ አንዳንዴም ይቅርታ ነበር። ያን ሁሉ ቆጥቤ ቆጥቤ መጨረሻ ላይ የወጣልኝ «እንዴት አደርክ» የሚል ብቻ ነው። እሱ ያችንም መመለስ አልቻለም። ሁለታችንም መናገር በምንችልበት ጊዜ አፋችንን ዘጋን፤ አሁን እኔ ስከፍት የሱ ተዘጋ። ደህና የሆነውን እጁን ያዝኩና አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ከታች ጀምሮ ድምጿን ሰምቷታል» አለች ልጁ። «ስትጠፋ ተጨነቀ። ደግሞ እያፏጨች ስትመጣ በእጁ ጠረጴዛውን መታ። ማየት ይፈልጋል መሰለኝ።»

ደግፈን ወደ ግቢው አወጣነውና ከመኪናዋ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥነው። ኮፈኑን ከፈትኩ፣ ሞተሩን አስነሳሁ። «ይኸው፤ እንዳንተ ነው ያደረግኳት» አልኩት። ነዳጅ ስሰጣት ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ከዚያ ግራ እጁን አነሳና መዳፉን ወደ መሬት አድርጎ ዝቅ ዝቅ አደረገ።

«ምን? ቀንስ ነው የምትለኝ?»

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«አንተ? አንተ ቀንስ ካልክማ ዓለም ሊያልፍ ነው። አልቀንስም። ዳገቱን እንዴት ልወጣ?»

ጣቱን ወደ እኔ፣ ቀጥሎ ወደ ቁልቁለቱ መንገድ አመለከተና እንደገና መዳፉን ዝቅ አደረገ። «ለእርስዎ ፈርቶ ነው» አለች ልጁ። «ብቻዎን ስለሚነዱ።»

«ከመቼ ወዲህ ነው ለኔ የሚፈራው» አልኩ። «አልቀንስም ብያለሁ።» እሱ የመኪናዋን ጎን በጥፊ መታው። እኔ መፍቻውን መሬት ላይ ወረወርኩ። ስንት ዓመት ናፍቄው የኖርኩት ጠብ ይኸው መጣ፤ እኔ በአፌ፣ እሱ በአንድ እጁ፣ ቦታ ተለዋውጠን። ከዚያ ዓይኑን አየሁት፤ እንባ ሞልቶታል። መፍቻውን አነሳሁ።

ሞተሩን አጥፍቼ እስኪበርድ ጠበቅኩ፤ ዳዶውን አላላሁና ቀስ እያልኩ አዞርኩ። እሱ ወደ ፊት አጎንብሶ ጥርሱን ያያል። ሩብ ዙር ሲደርስ ቀና ብዬ አየሁት፤ ቀጥል አለኝ በእጁ። ቀጠልኩ። ድንገት መዳፉን አቆመው። ዝቅ ብዬ ቆጠርኩ። ያቆመኝ ልክ የኔ ቦታ ላይ ነው፤ አንድ ጥርስ እንኳ አልሳተም።

ስወጣ ልጁ እስከ በሩ ሸኘችኝ። «ሐኪሙ ከእንግዲህ አይነዳም ብሏል» አለችኝ። «መኪናዋን ጠቅልለው ይያዟት። እሱም በእጁ ያመላከተኝ ይህንኑ ነው።» እሺ አልኳት። ቁልቁለቱን በኔ ልክ፣ በኔ ፍጥነት፣ ማንም ሳይቃወመኝ ወረድኩ። ስመኘው የኖርኩት ነገር ሁሉ በአንድ ቀን ተሰጠኝ፤ የምጥለው ቦታ አጣሁ።

ሳምንቱን በየቀኑ እየወጣሁ ጠየቅኩት። እሁድ መኪናዋን አጠብኳትና ጎሚስታው ደጃፍ አቆምኳት። ቁልፉን ስሰጠው እጁን ቶሎ አልዘረጋም።

«ምን ላድርገው?» አለኝ።

«ከነገ ጀምሮ የሱ ሳምንት ነው።»

ፊቴን አየ። ቀልድ የማያጣው ሰው ቀልድ አጣ። «ታዲያ ማን ሊወስዳት ነው?»

«ማንም። አትንካት፣ ትቁም።»

በሱ ሳምንት እሱ ዘንድ የምሄደው በአውቶቡስ ነው። ከፌርማታው ወዲያ ያለውን ዳገት በእግሬ፣ እያረፍኩ፣ ግንብ እየተደገፍኩ እወጣዋለሁ። ሳለከልክ ያየችኝ ልጁ መጀመሪያ ሰሞን «መኪናዋስ አጎቴ?» ትለኝ ነበር። «ተራዬ አይደለም» እላታለሁ። ከዚያ ወንበር ስቤ መስኮቱ ጋ ከወንድሜ አጠገብ እቀመጥና መኪና የማይመጣበትን መንገድ አብረን እናያለን።